ቁልፍን በሚረከበው እጅ መመደብ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ



አንድ ሰው የመኪናውን ፍሬን ለማስጠገን ጋራዥ ይገባል። ሠራተኛው እጁን ይዘረጋል፤ ባለመኪናውም ከኪሱ የቁልፍ ዘለላውን አውጥቶ ይሰጠዋል። በዘለላው ላይ ያለው የመኪናው ቁልፍ ብቻ አይደለም። የግቢው በር፣ የሳሎኑ፣ የመኝታ ቤቱ፣ የቢሮ መሳቢያው፣ ምናልባትም የእናቱ ቤት ጓጉንቸር ቁልፍ አብረው ይሄዳሉ። ባለቤቱ ያስረከበው መኪናውን ብቻ መስሎታል፤ በተግባር ግን ቤቱንም ጭምር ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሰው እስከ ማታ አስረክቧል።

ይህ የሚባለው የጋራዥ ሠራተኛን ለመጠርጠር አይደለም። አብዛኛው ሠራተኛ ቁልፉን እንደተቀበለ ይመልሳል። ነገር ግን ዘለላው ግድግዳ ላይ በተመታ ሚስማር ተንጠልጥሎ ሲውል ስንት ሰው እንደሚነካው የጋራዡ ባለቤትም ቢሆን በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ልጅ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 የፈጠራ መብት ያገኘበትና ዛሬ በአብዛኛው በር ላይ የሚታየው የቁልፍ ዓይነት፣ ምሥጢሩ ያለው በቁልፉ ጠርዝ ላይ በተቆረጡት ጥርሶች ከፍታ ላይ ነው። ያንን ከፍታ የቁልፍ ቀራጭ መኪና በጥቂት ደቂቃ ይገለብጠዋል፤ ጥርት ያለ ፎቶግራፍም ቢሆን ለአዋቂ ይበቃዋል። ቁልፉ ከተገለበጠም በኋላ በዋናው ላይ በዓይን በቀላሉ የሚታይ ምልክት ስለማይቀር፣ ባለቤቱ መገልበጡን የሚያውቅበት መንገድ የለም።

የተለመደው የቁልፍ ቀለበት የሚናቅ ሥራ አይደለም። አንድ የአረብ ብረት ሽቦ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ የተሠራ ሲሆን፣ ሞላነቱ ሁለቱን ዙሮች አጣብቆ ይይዛቸዋል። ብሎን የለው፣ ብየዳ የለው፣ የሚላላ ክፍል የለው። የታሰበው ቁልፍ እንዳይጠፋ ነውና ይህንን ተግባሩን እጅግ በሚያስመሰግን ሁኔታ ይፈጽማል። ችግሩ አንዱን ቁልፍ ለብቻ ለማውጣት ጥፍር የሚያሰብር መሆኑ ነው። በአንድ እጁ ሊብሬ የያዘ፣ ከኋላውም ተራ የሚጠብቅ ሰው ያለበት ባለመኪና ጥፍሩን አይሰብርም፤ ሁሉንም ይሰጣል። እንግዲህ ለንድፉ የመጀመሪያው መመዘኛ ከዚሁ ይገኛል፦ መነጣጠሉ በአንድ እጅ፣ ሳያዩ፣ ሙሉውን ከመስጠት ባልዘገየ ጊዜ የሚፈጸም መሆን አለበት።

ዘለላው አለመነጣጠሉ የሚያስከትለው ጉዳት በስርቆት ብቻ የሚወሰን አለመሆኑን ደግሞ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ታሪክ ያሳያል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ሼቭሮሌ ኮባልትን የመሳሰሉ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለእርማት መልሶ ጠርቷል። የሞተር ማስነሻው ስዊች በንድፉ መሠረት ከ15 እስከ 25 ኒውተን ሴንቲሜትር የሚደርስ ጠምዛዥ ኃይል ካላገኘ እንዳይዞር የታቀደ ሲሆን፣ የተገጠመው ግን ከዝቅተኛው ወሰን በታች ነበር። ስለሆነም መንገዱ ሲያንገጫግጭ ወይም የአሽከርካሪው ጉልበት ሲነካው፣ የዘለላው ክብደት ተጨምሮበት ስዊቹ ከቦታው ይዞር ነበር። ያን ጊዜ ሞተሩ ይጠፋል፤ መሪው ይከብዳል፤ በግጭትም ሰዓት ኤርባጉ ሳይነፋ ይቀራል። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ የ124 ሰዎችን ሞት ከዚሁ ጉድለት ጋር አያይዞ ተቀብሏል። ጥፋቱ የስዊቹ እንጂ የቁልፍ መያዣው አልነበረም። ይሁን እንጂ እርማቱ እስኪደረግ ድረስ ለባለንብረቶች የተሰጠው ምክር ከማስነሻው ቁልፍ በስተቀር ሌላውን ሁሉ ከቀለበቱ እንዲያወጡ ነበር።

ሒሳቡ በወረቀት ጠርዝ ላይ የሚያልቅ ነው። 200 ግራም የሚመዝን ዘለላ ወደ 2 ኒውተን ይስባል። ቀለበቱ ከቁልፉ መዞሪያ መሃል 2 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ርቆ ቢንጠለጠል 4 ኒውተን ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ክብደቱ ለቅጽበት በአራት ቢባዛ 16 ይደርሳል። ይህ ደግሞ ጤነኛ ስዊች ሊያሟላው ከሚገባው ዝቅተኛ ወሰን ይበልጣል። የመኪናው ቁልፍ ብቻውን 30 ግራም ቢመዝን ግን በዚያው ጉድጓድ ላይ ከ2.4 አያልፍም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም በቁልፍ የሚነሡ መኪኖች ብዙ ናቸው፤ ጉድጓዱም እንደዚሁ።

ቁልፎቹ እንዴት ይመደቡ የሚለው ጥያቄ ከብረቱ ሥራ ይቀድማል። ብዙ ሰው የቤት፣ የቢሮና የመኪና ብሎ በቦታ ይከፍላቸዋል። ይህ አመዳደብ ለዓይን ያምራል እንጂ ችግሩን አይፈታም። የግቢው በር ቁልፍ ለዘበኛ፣ ለዘመድ፣ ቧንቧ ለሚጠግን ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ የመኝታ ቤቱ ግን ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ሁለቱ የአንድ ቤት ቁልፎች ስለሆኑ ብቻ በአንድ ቀለበት መዋል የለባቸውም። የቢሮውም በር ቁልፍ ባለቤቱ ዕረፍት ሲወጣ ለባልደረባው ይተላለፋል፤ የመሳቢያው አይተላለፍም። ስለዚህ ምድቡ መከተል ያለበት ቁልፉ የሚከፍተውን በር ሳይሆን የሚረከበውን እጅ ነው። ይህ ሲደረግ አብዛኛው ዘለላ በሦስት ይከፈላል፦ ከመኪናው ጋር የሚሄድ፣ በቤትና በቢሮ ለሌላ ሰው የሚሰጥ፣ ለማንም የማይሰጥ።

ወደ ማያያዣው ሲመጣ ማግኔት ለዚህ ሥራ ደካማ ነው፤ ጥርስ ያለው ብሎን በኪስ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ይፈታል። ባለ ሞላ ማንጠልጠያ የተሻለ ቢሆንም ምላሱ ከቀበቶ ወይም ከወንበር ጠርዝ ጋር ሲጋጭ በራሱ ይከፈታል። የሁሉም ድካም አንድ ነው፤ በኪስ ውስጥ የሚያገኛቸው ንቅናቄና ግፊት እነርሱን ከሚከፍተው ኃይል ጋር ይመሳሰላል።

መፍትሔው በየጎሚስታ ቤቱ ይገኛል። የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ከማስነፊያው ጋር የሚያገናኘው ፈጣን ማያያዣ ውስጥ፣ ቦይ የተቆረጠለት ዘንግ ሲገባ ትንንሽ የብረት ኳሶች ቦዩ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ላያቸውን የከበበው ተንሸራታች ቀለበትም ወደ ውጭ እንዳይሸሹ ይከለክላቸዋል። ዘንጉ ሲሳብ ኳሶቹ ቀለበቱን ወደ ጎን ይገፉታል እንጂ ወደ ኋላ አያንሸራትቱትም፤ መሳቡ በበረታ ቁጥር ሰበቃው ስለሚጨምር ቀለበቱ ይበልጥ ይጠብቃል። የሚለቀቀው ጣት ቀለበቱን ሞላው ላይ ወደ ኋላ ሲስበው ብቻ ነው። በተጨማሪም ዘንጉ በቦታው ላይ እንደ ልቡ ስለሚዞር ቁልፎቹ አይጠላለፉም።

ይህንኑ ወደ አውራ ጣት ውፍረት አሳንሶ መሥራት ጥሩ ቶርኖ ላለው ሱቅ አይከብድም። ዋናው ውሳኔ የትኛው ወገን ከማን ጋር ይቅር የሚለው ነው። ሞላውና ኳሶቹ፣ ማለትም ከባዱና ውዱ ክፍል፣ ለማንም ከማይሰጡት ቁልፎች ጋር በአንድ ማዕከል ላይ ተሠርተው ከባለቤቱ ጋር ይቀራሉ። ሌሎቹ ሁለት ምድቦች ከተራ ቀለበታቸው ጋር አንዳንድ የነሐስ ዘንግ ብቻ ይይዛሉ። በዚህ ዓይነት ከማስነሻው ላይ የሚንጠለጠለው ጥቂት ግራም ብቻ ይሆናል፤ ዘንጉ ቢጠፋም በርካሽ ይተካል። ሁለቱ ዘንጎች በጣት እንዲለዩ አንዱ ራሱ ላይ ክብ፣ ሌላው ጠፍጣፋ ይደረጋል። በዘንጉ ላይ ስምም ሆነ አድራሻ አይቀረጽም፤ የጠፋ ቁልፍ አድራሻ ከያዘ ለሌባ መንገድ ይመራልና።

ለኪስ አቧራ ቅባት አይስማማም፤ ብናኙን ሰብስቦ ኳሶቹን ያስራቸዋል። ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ይሻላል። ናሙናውን ለመፈተን 10 ኪሎ ግራም አንጠልጥሎ ማሳደር፣ ከወገብ ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ደጋግሞ መጣል፣ 10,000 ጊዜም ማላቀቅና መግጠም ይበቃል፤ በቀን አራት ጊዜ ለሚያላቅቅ ሰው ይህ ወደ ሰባት ዓመት የሚጠጋ አገልግሎት ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው የነሐሱ ቦይ መበላት ስለሆነ በየሺሁ ጊዜ ቦዩን መለካት ያስፈልጋል።

በማዕከሉ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ክዳን እንዳይደረግላቸው ይመረጣል። ባለቤቱ ማታ ቤቱ ደጃፍ ደርሶ እጁን ኪሱ ሲከት፣ ባዶው ቀዳዳ ከጣቱ ጋር ሲገናኝ የመኪናው ቁልፍ ገና ጋራዥ መሆኑን ይነግረዋል።