«ቱ» በእንግሊዝኛ ዜና ውስጥ

የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ስታነቡ «ቱ» የምትለው ቃል ከግስ ፊት ቆማ ታገኟታላችሁ። የሰዋስው ሰዎች ይህን ቅርጽ ኢንፊኒቲቭ ይሉታል። ሥራው ግን አንድ ብቻ አይደለም።

ከዜናው ርዕስ እንጀምር። «ፕሬዚደንት ቱ ቪዚት ኬንያ» ሲል፣ ፕሬዚዳንቱ ኬንያን ሊጎበኙ ነው ማለት ነው። ርዕስ ጸሐፊው ቦታ ለመቆጠብ ረዳት ግሱን ይጥለዋል፤ የቀረችው «ቱ» ወደፊት የሚሆነውን ታመለክታለች። ጉብኝቱ ገና አልተደረገም።

ወደ ዜናው ሐተታ ስንገባ ሦስት ሥራዎች እናገኛለን። አንደኛው የስም ሥራ ነው። «ዘ ጋቨርንመንት ዲሳይድድ ቱ ሬይዝ ታክስስ»፦ መንግሥት የወሰነው ምንድን ነው? ግብር መጨመር። ሁለተኛው የቅጽል ሥራ ነው። «ኤ ፕላን ቱ ከት ኮስትስ»፦ የምን ዕቅድ? ወጪ የመቀነስ ዕቅድ። ሦስተኛው ዓላማን መንገር ነው። «ሶልጀርስ አራይቭድ ቱ ሄልፕ»፦ ወታደሮቹ ለምን መጡ? ለመርዳት። ልብ በሉ፤ ዓረፍተ ነገሩ መምጣታቸውን እንጂ መርዳታቸውን አላረጋገጠም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከ«ቱ» ቀጥሎ «ናይሮቢ» የሚል የቦታ ስም ከመጣ መስተዋድድ ናት፣ ኢንፊኒቲቭ አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ አንድ የእንግሊዝኛ ዜና አንሡ፤ በሐተታው ውስጥ ከ«ቱ» በኋላ ግስ ባያችሁ ቁጥር «ምን? የምን? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚስማማው ጥያቄ ሥራውን ይነግራችኋል።