የቴምር ችግኝና ውርጭ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በሚኤሶ ከተማ የቀረበ ንግግር)



ሚኤሶ ላይ ስለ ብርድ መናገሬ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። እዚህ አርሶ አደሩን የሚፈትነው የዝናብ እጥረት ነው። ነገር ግን ከቆላው የቴምር ችግኝ ወስደው ጭሮ ዳገት ላይ የሚተክሉ አባላት አሉን። የጨርጨር ሰው ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የጫት ቀንበጥ በአንድ ሌሊት ሲያጠቁር ያውቃል።

ያደገ ቴምር ከዜሮ በታች 4 እና 5 ዲግሪ ይችላል፤ ችግኙ ግን አይችልም። ቴምር እንደ ጫት ከቅርንጫፉ አያቆጠቁጥም። ማደጊያው አናቱ ላይ ያለች አንዲት ልብ ናት፤ እሷ ከሞተች ግንዱ አለቀ።

እኔ ራሴ ውሃ ይቀርበዋል ብዬ ከጓሮዬ ዝቅተኛ ቦታ የተከልኳቸውን ችግኞች አጥቻለሁ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ጎድጓዳ ይወርዳል። ስለዚህ ተዳፋት ላይ ትከሉ። ቀን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይዞ ያድራል። ውሃው ግን ልቡ ላይ አይፍሰስ። ቅጠሉን ወደ ላይ ሰብስባችሁ እሰሩና ዙሪያውን በማሽላ አገዳ ሸፍኑ፤ አገዳው የሚገኘውም በዚሁ ወቅት ነው። ጭስ ማጨሱ ብዙም አይጠቅምም፤ የሚያሞቀው እሳቱ እንጂ ጭሱ አይደለም። ውርጭ ያቃጠለውን ቅጠል ብርዱ ሳያልፍ አትቁረጡ፤ ለልቡ መከለያ ነው።

ደጋ ላይ ጥሩ ፍሬ ይሰጣል ብዬ አልሸነግላችሁም፤ ፍሬው ረጅም ሙቀት ይፈልጋል። ለጥላ የሚሻው ይትከል፣ ለገበያ የሚያስብ ግን እዚሁ ቆላው ላይ ውሃ ያለበትን ይፈልግ።

አመራሮችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ለደጋ ቀበሌዎች የሚታደል ችግኝ በጥቅምት ሳይሆን በሰኔ ይድረስ፤ ውርጩ ሳይመጣ ሥር እንዲይዝ።