የዒድ ስጦታና ደካማ አረጋውያን
(በእንፍራንዝ ለጀመዓው ከተደረገ ንግግር)

   

ኮሚቴው በዒድ ስለሚሰጥ ስጦታ እንድናገር ሲያዘኝ በጄ ለማለት አመነታሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአረፋ ዕለት፣ በሰፈራችን ለብቻቸው ለሚኖሩ አንዲት እናት ከኡድሂያው ድርሻቸውን በልጄ እጅ ላክሁ። ልጁ ሰጥቶ ተመለሰ። እኔም ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ከእንግዶቼ ጋር በላሁ፣ ጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን በደጃቸው ሳልፍ ሥጋው እንደ ተላከ ከነከረጢቱ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ጠቁሯል። «እናቴ፣ ምነው ሳይበሉት?» ብላቸው፣ «እንጨት የለኝ፣ ጥርስ የለኝ፤ ደግሞ ለአንድ ሰው ብሎ ማን ወጥ ይሠራል ልጄ?» አሉኝ። እየሳቁ ነበር የነገሩኝ። እሳቸው ባይስቁ ይሻለኝ ነበር።

ኡድሂያውን ሦስት ቦታ ከፍሎ አንዱን ለቤተሰብ፣ አንዱን ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱን ለድኃ መስጠት የተወደደ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በሬውን ለሰባት ተካፍለን የምናርድም አለን። መስጠቱን ትተናል የሚል ክስ የለኝም፤ እንፍራንዝ ለመስጠት አትታማም። እኔን ያሳሰበኝ የምንሰጥበት ጊዜና መንገድ ነው።

ስለ ጊዜው ከዘካተል ፊጥር እንነሳ። ልኩ በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ ነው፤ ይኸውም ሁለት እጅ ተገጥሞ በሚያፍሰው እፍኝ አራት ጊዜ ማለት ነው። በነቢዩ ዘመን ተምርና ገብስ ነበር፤ እኛ ዘንድ ጤፉም ስንዴውም ይሆናል። በሐነፊ መዝሀብ ዋጋውን በገንዘብ መስጠትም ይፈቀዳል። ሰው ወደ ዒድ ሰላት ከመውጣቱ በፊት እንዲሰጥ ታዟል። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድመው ይሰጡ እንደ ነበር ተዘግቧል። ለምን ይመስላችኋል? እህል በዒድ ጧት ቢደርስ መቼ ተፈጭቶ፣ መቼ ተቦክቶ፣ መቼ ተጋግሮ ይበላል? ጉልበት ላለው ቤት እንኳ አይደርስም። ለሰባ ዓመት ሽማግሌማ አስቡት።

ሌላም ነገር አለ። የአገራችን አረጋዊ በዒድ ቀን የሚፈራው ረሃቡን ብቻ አይደለም፤ እንግዳውንም ይፈራል። ለ«ዒድ ሙባረክ» የሚገባውን ሰው ቡና ሳያጠጣ መሸኘት ሞት ነው። ስለዚህ የሚያቀርበው የሌለው ሰው በሩን ይዘጋል፤ ታሞ ተኝቷል ያሰኛል። እኛም «አይ፣ ደክመው ነው» ብለን እናልፋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚስኪን ማለት አንድ ሁለት ጉርሻ ለምኖ የሚዞረው እንዳልሆነ፣ የሚበቃው ሳይኖረው የማይለምነውና ችግሩ የማይታወቅለት እንደ ሆነ የተናገሩት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

እነዚህ ሰዎች እንዴት ብቻቸውን ቀሩ? የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አለው፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛም በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶለታል። የገበሬው፣ የሸማኔውና የገበያ ቸርቻሪዋ ጡረታ ግን ልጆቻቸው ናቸው። ልጆቹ ወደ መተማ፣ ወደ ሱዳን፣ ወደ ሳዑዲ ሄደዋል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ይላክ የነበረው ብር የተቋረጠበት ቤት ስንት ነበር! በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሳ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ደግሞ በክልላችን ግጭት ተነሳ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገዳችን ሲዘጋ፣ ቅርብ ያለ ልጅም ለዒድ እናቱ ዘንድ መድረስ ያቅተዋል።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንንም አልረሳም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲኖር በጎንደር ተወስኖ ነበር። ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ግን በእንፍራንዝ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን በግልጽ እንደሚይዝ፣ ቤቱም ከክርስቲያኑ ቤት ጋር ተደባልቆ እንደሚገኝ ጽፏል። ያ ጉርብትና ዛሬም አለ። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) በደጃፍ ሲለምን ያገኙትን ዓይነ ስውር ሽማግሌ አይሁዳዊ እጁን ይዘው ቤታቸው ወስደው እንደ ሰጡት፣ ከበይተል ማልም እንዲረዳ እንዳዘዙለት ይነገራል። የእኛን ሥጋ ክርስቲያኑ አይበላም፤ ስለዚህ ለክርስቲያን አሮጊት ቡና፣ ስኳር ወይም ጤፍ ይወሰድ። ሥጋ ይዞ ሄዶ ማሳቀቅ አያስፈልግም።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። በተከታዩ ረመዳን ማብቂያ፣ ዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ባለቤቴ እንጨት፣ ቡናና ዱቄት አደረሰችላቸው። በዒድ ዕለት ሥጋውን በስሱ ሠርተን በድስት ይዘን ሄድን። ትንሽ ዘግይተን ነበር። በሩ ተከፍቷል፤ ጀበናው ተጥዷል፤ መደቡን ጎረቤቶች ሞልተውት እኔ መቀመጫ አጥቼ ቆሜ ቡና ጠጣሁ። «ቀድመህ አትመጣም ነበር?» ብለው ተቆጡኝ።

ኮሚቴው ያሰበው ይህንኑ ነው። በየሰፈሩ ሁለት ሁለት ቤተሰብ አንድ አንድ አረጋዊ ይይዛል። የሚቀርበው ከዒድ ሁለት ቀን በፊት ይደርሳል፤ በዕለቱ ደግሞ የተሠራ ምግብ ተይዞ ሄዶ አብሮ ይበላል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ብቻቸውን ግን አትላኳቸው። የአረጋውያኑ ስም ዝርዝር በድምፅ ማጉያ አይነበብም፣ በግድግዳም አይለጠፍም፤ በሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ይቀመጣል። ፎቶግራፍም አይነሳም። መዝገቡ ከዐስር ሰላት በኋላ በመስጂዱ በር ላይ ይከፈታል፤ የምትይዙትን ቤት እዚያ ንገሩን።