ስም ሳይጻፍባት በስጦታ የመጣችውን አበባ እንዴት እንያዛት?

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በዕለቱ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ስለ ውሃው መስመርና ስለ መንገዱ ጥርጊያ ይህን ያህል ከተነጋገርን በኋላ ስለ አበባ ላወራ መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን ምክንያት አለኝ።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ያለችው ልጄ በአውቶቡስ አንዲት ነጭ አበባ ላከችልኝ። ስሟም አያያዟም አልተጻፈባትም። እኔም አበባ መቼም አበባ ነው ብዬ ከፕላስቲክ ማሰሮዋ አወጣኋት፤ ሥሯን የከበበውን የዛፍ ቅርፊት ቆሻሻ መስሎኝ አራገፍኩት፤ በጥቁር አፈርና በፍግ ተከልኳት፤ እንደ ጤናዳሙ ሁሉ ጧት ጧት ውሃ አጠጣኋት። በአምስተኛው ሳምንት ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ተዝለፈለፈ። ስነቅላት ሥሯ በስብሷል። ልጄ በስልክ «አበባዋስ?» ባለች ቁጥር ግን «ደኅና ናት» እል ነበር።

ሰሞኑን ደግሞ አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናት ከሕመማቸው ሲያገግሙ ልጃቸው ያንኑ ዓይነት አበባ ይዞላቸው መጣ። አስጠሩኝና «አንተ ልጅ፣ የገደልክባትን መንገድ ንገረኝና እኔ በሌላው ልሂድ» አሉኝ። ይህ ንግግር እንግዲህ የእሳቸው ጥያቄ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ምንነቷን እንወቅ። አበባዋ ኦርኪድ ትባላለች። ኦርኪድ የአንድ አበባ ስም ሳይሆን የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ስም ነው፤ በዓለም ላይ ከ25000 በላይ ዓይነት አለው። ለመጠጥና ለኬክ የምንጨምረው ቫኒላ እንኳ የዚሁ ቤተሰብ ፍሬ ነው። ታዲያ ከዚህ ሁሉ መካከል የእኔ የትኛዋ ናት ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። በአበባ መደብር የሚሸጡት አብዛኞቹ ሰው ያዳቀላቸው ስለሆኑ ሻጩም ስማቸውን በትክክል ላያውቀው ይችላል። ለአያያዝ የሚያስፈልገን ወገኗን መለየት ብቻ ነው፤ ይህም ቅጠሏን፣ ግንዷንና ሥሯን በማየት ይታወቃል።

አንደኛ፤ ቅጠሏ ሰፊ፣ ወፍራምና ቆዳ መሰል ሆኖ ከሥር ግራና ቀኝ ከተደራረበ፣ ያበጠ ግንድ ከሌላት፣ የአበባው ዘንግ ከቅጠሎቹ መካከል ከወጣ፣ ሥሯም ሲደርቅ ብርማ ሲርስ አረንጓዴ ከሆነ፣ ፋላኖፕሲስ ናት። የስሙ ትርጉም የእሳት ራት የምትመስል ማለት ነው። በስጦታ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህች ናት፤ የእኔም የጎረቤቴም እሷው ነች።

ሁለተኛ፤ ቅጠሏ እንደ ሣር ረጅምና ጠባብ ሆኖ ከሥር እንደ ሽንኩርት ያበጠ ነገር ካላት ሲምቢዲየም ናት። ሦስተኛ፤ እንደ ሸንበቆ አንጓ ያለው ቀጥ ያለ ግንድ ካላት ዴንድሮቢየም ናት። አራተኛ፤ የአበባዋ አንዱ ክፍል እንደ ነጠላ ጫማ አፍንጫ ወይም እንደ ከረጢት ከሆነ ፓፊዮፔዲለም ናት።

ከእነዚህ ውስጥ የእኛን ብርድ ይበልጥ የምትችለው ሲምቢዲየም ስትሆን ፋላኖፕሲስ ግን የደቡብ ምሥራቅ እስያ የሞቃት ደን ተወላጅ ናት። እዚያ የምትኖረው መሬት ላይ ሳይሆን ዛፍ ላይ ተጣብቃ ነው። ዝናብ ይመታታል፤ ወዲያው ደግሞ ነፋስ ሥሯን ያደርቀዋል። ይህን ካወቅን የቀረው ሁሉ ይገባናል። እኔ አፈር ውስጥ ስቀብራት አፈናት ኖሯል።

አሁን ወደ አያያዟ እንምጣ።

ውሃ፤ በጣት ቁጥር በየቀኑ ሳይሆን በሥሯ ቀለም ነው የሚሰጠው። ሥሩ ብርማ ከሆነና ማሰሮው ሲነሣ ከቀለለ ይጠጣ፤ አረንጓዴ ከሆነ ይቆይ። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃታል፤ ጉሙ በማይገለጥበት በክረምት ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። የዝናብ ውሃ ይስማማታል። በጧት፣ ቤት ውስጥ አድሮ ብርዱ የለቀቀው ውሃ በደንብ ይፍሰስባትና ይንጠፍጠፍ። በውጭኛው ማሰሮ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ይደፋ፤ በቅጠሎቹ መሐል ውሃ አይደር። ከጥማት ይልቅ ብዙዎቹን የሚገድላቸው የባለቤታቸው ደግነት ነው።

ብርሃን፤ በምሥራቅ በኩል ያለ መስኮት ጥሩ ነው። የጧት ፀሐይ አይጎዳትም፤ የቀትር ፀሐይ ግን ቅጠሏን ያቃጥላል። ቅጠሉ በጣም ከጠቆረ ብርሃን አንሷታል፤ ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ቀይነት ካደላ በዝቶባታል ማለት ነው።

ብርድ፤ የከተማችን ስም ራሱ ይናገር የለ! ፋላኖፕሲስ ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች ባይወርድባት ትመርጣለች፤ ከ10 በታች ሲዘወተርባት ትጎዳለች። ስለዚህም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወራት ማታ ማታ ከመስኮቱ መስታወት አንሥተን ወደ ውስጠኛው የጭቃ ግድግዳ እናስጠጋት። በበር ሽውታ ላይ አትቀመጥ። ግን አደራ፣ አበባዋ ይሙቃት ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ የሚተኛ ሰው እንዳይኖር! የከሰል ጢስ ሰው ይገድላል። አበባ ሌላ ይገዛል፤ ሰው አይገዛም። የበሰለ ሙዝም ከአጠገቧ አታኑሩ፤ ከሚበስል ፍራፍሬ የሚወጣው አየር እምቡጧን ያረግፋል።

ምግብ፤ ፍግ አይሆናትም። ለገብስና ለስንዴ የምንበትነው ዩሪያም ሥሯን ያቃጥለዋል። የአበባ ማዳበሪያ የተገኘ እንደ ሆነ በላዩ ከታዘዘው ሩብ ያህሉን በውሃ በጥብጦ በወር አንድ ጊዜ መስጠት ይበቃል፤ ባይገኝም አትሞትም። ቅርፊቱ ሲበሰብስ፣ ይኸውም በሁለት ዓመት ገደማ፣ አበባዋ ካለቀ በኋላ ይለወጥላት። ቅርፊት ከታጣ ዱቄቱ በውሃ የታጠበለት፣ አውራ ጣት የሚያህል የከሰል ስባሪ ያገለግላል።

አበባዋ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ይረግፋል። ያን ጊዜ ሞተች ብለን እንዳንጥላት! ዘንጉ አረንጓዴ ከሆነ ከታች ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው አንጓ በላይ በእሳት በተለበለበ ምላጭ ይቆረጥ፤ ከደረቀ ከሥሩ ይቆረጥ። ከዚያ በኋላ የምታርፍበት ወራት ነው። ሌሊቱ ለጥቂት ሳምንታት ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ቀዝቀዝ ሲልላት እንደገና ዘንግ ታወጣለች። የእኛ ብርድ በልክ ከሆነ ለአበባዋ ይጠቅማታል ማለት ነው።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ኦርኪድ የባዕድ አበባ ብቻ አይደለም። በአገራችን ከ150 በላይ ዓይነት ይገኛል፤ ከፊሉ በክረምት በደጋው ሣር መካከል፣ ከፊሉ በዛፍ ላይ ይበቅላል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች መለያ የሚሆን መጽሐፍ አሳትመዋል። በዛፍ ላይ ያየነውን ሁሉ ተቀጽላ ነው ብለን እንዳንቆርጥ፤ ተቀጽላ የዛፉን ውሃ ይመጣል፣ ኦርኪድ ግን ዛፉ ላይ ትቀመጣለች እንጂ አትበላውም። ዘሯ እንደ ትቢያ የላመ ስለሆነ ለመብቀል ከተወሰነ የሻጋታ ወገን ጋር መገናኘት አለበት፤ ነቅለን ግቢያችን ብናመጣት ብዙውን ጊዜ አትራባም። በየደብሩ ቅጥር የቀረው ደን የዚህ ሁሉ መጠለያ ነውና ልጆቻችን አይተው እንዲያልፉ እናስተምራቸው።

የጎረቤቴ አበባ ቅጠሏ እንደ ጠነከረ አለ፤ ከመሐሏም አዲስ ቅጠል ብቅ ብሏል። እኔም ባለፈው እሑድ ለልጄ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። ሳቀችና «እኔም እኮ ስም ሳልጽፍ ነው የላክኋት» አለችኝ።

ቤቱ እንዲህ ያለች አበባ ያለችው በሚቀጥለው ስብሰባ ሥሯን አይቶ ይምጣ፤ አንድ ላይ እንነጋገርበታለን።