ድምፅ የሰጠ ሕዝብ ጥበቃው የማን ነው?

(በሬዲዮ የተነገረ)



አንድን ሕዝብ ዕድሉን በገዛ ድምፁ እንዲወስን መጋበዝ ታላቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን ድምፁን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሰላም የሚያድርበትን ጥበቃ አስቀድሞ ሳያሰናዱ መጋበዝ ሕዝቡን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው። ለዚህም ነገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በምሥራቅ ቲሞር ከተፈጸመው የበለጠ ምስክር አይገኝም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናትና ወራት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

የቲሞር ደሴት ከአውስትራሊያ በስተሰሜን የምትገኝ ናት። ምዕራባዊው ክፍሏ በሆላንድ፥ ምሥራቃዊው ክፍሏ በፖርቱጋል እጅ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ምዕራቡ ከኢንዶኔዢያ ጋራ ነጻ ወጣ፤ በምሥራቁ ግን ፍሬቲሊን የተባለው ፓርቲ ኖቬምበር 28 ቀን 1975 ነጻነትን ባወጀ በዘጠነኛው ቀን የኢንዶኔዢያ ጦር ገባ። በተከታዩም ዓመት ኢንዶኔዢያ አገሪቱን ከግዛቶቿ እንደ አንዱ ቈጠረቻት፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግን ይህን አልተቀበለም። ከዚያ ወዲያ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጦርነት፥ ረኃብና እስራት የሕዝቡ ዕጣ ሆነ።

በ1998 ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ በር ተከፈተ። ተተኪያቸው ፕሬዚዳንት ሃቢቢ ሕዝቡ እንዲጠየቅ ፈቀዱ፤ ሜይ 5 ቀን 1999 ኢንዶኔዢያና ፖርቱጋል ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጋራ በኒውዮርክ ውል ተፈራረሙ። የነገሩም ሁሉ ሥር በዚህ ውል ውስጥ ነበር። ምርጫውን የሚያካሂደው ድርጅቱ ሲሆን፥ ጸጥታውን የማስከበሩ አደራ የተሰጠው ግን ለኢንዶኔዢያ ኀይሎች ነበርና። ከውጭ የመጡት ፖሊሶች መሣሪያ እንኳ አልያዙም። ሕዝቡ የሚፈራው እነዚያኑ ኀይሎችና እነርሱ ያስታጠቋቸውን ሚሊሺያዎች ስለ ነበረ፥ ነገሩ ሥጋን ለጅብ አደራ እንደ መስጠት ሆነ።

ሕዝቡ ግን አልፈራም። ኦገስት 30 ቀን ከተመዘገቡት 450,000 ያህል ሰዎች ከመቶ 98 የሚበልጡት ወጥተው ድምፅ ሰጡ። ሴፕቴምበር 4 ቀን ውጤቱ ሲነገር ከመቶ 78.5 የሚሆኑት በኢንዶኔዢያ ሥር ራስን ማስተዳደርን ትተው የነጻነትን መንገድ መርጠው ተገኙ።

ከዚያ በኋላ እሳቱ ተለቀቀ። የዲሊ ከተማ ተቃጠለች፤ በሱዋይ በቤተ ክርስቲያን የተጠለሉ ስደተኞች ከቀሳውስቶቻቸው ጋራ ተገደሉ። በዚያ ዓመት የሞቱት ከሺሕ በላይ ናቸው፤ 250,000 ያህል ሰዎችም ድንበር ተሻግረው ወደ ምዕራብ ቲሞር ተሰደዱ፥ አብዛኞቹም በግድ ተወሰዱ። የነጻነት ተዋጊዎች መሪ ሻናና ጉስማኦ ግን ተዋጊዎቻቸው ከሰፈራቸው እንዳይወጡ አዘዙ፤ ቢወጡ ኖሮ ግድያው የእርስ በርስ ጦርነት ነው ይባል ነበርና። ወገን ሲታረድ እጅን መሰብሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ አድማጮች ያውቁታል።

ኢንዶኔዢያ በብዙ መንግሥታት ግፊት ሴፕቴምበር 12 ቀን የውጭ ጦር እንዲገባ ፈቀደች። የጸጥታው ምክር ቤት በሦስተኛው ቀን በቍጥር 1264 ውሳኔ ሰጠ፤ ሴፕቴምበር 20 ቀንም በአውስትራሊያዊው ሜጀር ጄኔራል ፒተር ኮስግሮቭ የሚመራው ጦር ዲሊ ገባ። ታይላንድ፥ ፊሊፒንስ፥ ከአፍሪካም ኬንያ ወታደሮቻቸውን ላኩ። በ1951 የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ የደረሰላት ደቡብ ኮሪያም በተራዋ ወታደሮቿን መላኳን ስናስብ፥ የተደረገ ውለታ በሌላ አገር ሊመለስ እንደሚችል እንረዳለን።

ጦሩ ጸጥታን መለሰ፤ በ2000 መጀመሪያም ሥራውን ለተባበሩት መንግሥታት ሠራዊት አስረከበ። አገሪቱም ሜይ 20 ቀን 2002 ነጻነቷን አገኘች። ይሁን እንጂ ከምርጫው ቀን እስከ ጦሩ መግባት ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ የተቃጠለው ተቃጥሎ፥ የሞተውም ሞቶ ነበር። ፍርዱም ቢሆን ጐደሎ ነው፤ በጃካርታ ልዩ ፍርድ ቤት የተፈረደባቸው ሁሉ በይግባኝ ነጻ ወጥተዋል።

አንዳንዶች የውጭ ጦር ያለ ባለአገሩ መንግሥት ፈቃድ ሊገባ አይገባውም ይላሉ። ይህ ቃል ክብደት አለው፤ የትንንሽ አገሮች አጥር የሉዓላዊነት ሕግ ነውና። በ1936 በጄኔቫ አቤት ብላ ሰሚ ያጣች ኢትዮጵያም የዚህን ሕግ ዋጋ ታውቃለች። ነገር ግን ፈቃዱ መጠየቅ የነበረበት ቤት ከተቃጠለ በኋላ ሳይሆን፥ ውሉ በተፈረመበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ፈቃዱ ባይገኝ ምን ይደረግ ነበር? ሃቢቢ የከፈቱት በር ተመልሶ እንዳይዘጋ ብዙዎች ፈርተው ነበርና ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሆኖም የዚያን ፍርሃት ዋጋ የከፈሉት ውሉን የፈረሙት ሰዎች አይደሉም፤ የከፈለው ድምፅ የሰጠው ገበሬ ነው።

እንግዲህ ወደፊት ሕዝብን ለምርጫ የሚጠራ ሁሉ የድምፅ ሣጥኑን ከማሠራቱ በፊት ጠባቂውን ያሰናዳ።