ወሬም ሚዛን ይፈልጋል



እኛ በአርካዊት የነገድን ሰዎች ዕቃ በሚዛን እንሸጣለን፤ ወሬን ግን ሳንመዝን እንቀበላለን። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. አቶ መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ራዲዮ ጋር ሲያመሳስሉና ሥርጭቱ ሲታፈን፣ ከየወገናችን ጣቢያ በቀር አንሰማም ብለን ተኳረፍን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሳ፣ ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ቤተ መንግሥቱንና አውሮፕላን ማረፊያውን ያዝኩ አለ፤ ሠራዊቱ ሐሰት ነው አለ። አንዱን ብቻ አምኖ ልጆቹን ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው ነፍሱን ያስይዛል።

ወላጆች ሆይ፣ በስልክ የመጣላችሁን ዜና ከማስተላለፋችሁ በፊት «ማን አለው? ሌላውስ ወገን ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልጆቻችሁንም አስተምሩ።

ፈጣሪ አገራችንንና ያስጠለለችንን ሱዳንን በሰላም ይጠብቅልን።