ስክሪፕታችን ከመቱ በደሌ ሲደርስ

በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ መቱ ላይ የተደረገ ንግግር



ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ ላይ የቆሙት ተናጋሪዎች ስለ አገር ዕድገትና ስለ ትምህርት ዓላማ ሰፊ ንግግር አድርገዋል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ይኸውም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈ የስታቲስቲክስ ስክሪፕት ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ ምን እንደሚደርስበት ነው። ይህን ሰምቶ የሚያዛጋ ቢኖር አልቀየምም፤ እኔም አስቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ አዛጋ ነበር። ያነቃኝ ነገር የደረሰብኝ በክረምት፣ ከጎሬ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአንድ ጓደኛዬ ጋራ ሆነን የወባ አጎበር የታደላቸው ቤተ ሰቦች ከሦስት ወር በኋላ በእርግጥ ከአጎበሩ ሥር ይተኙ እንደሆነ እናጠና ነበር። ቀበሌው 312 አባወራ አለው። ሁሉን ለመጠየቅ ገንዘቡም ጉልበቱም ስላልነበረን 40 ቤት በዕጣ ማውጣት ግድ ሆነ። ዕጣውን መቱ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያወጣሁትም በላፕቶፔ፣ አር በሚባለው ፕሮግራም ነው። ኮምፒዩተር ዕጣ የሚያወጣው እንደ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አይደለም። አንድ መነሻ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ተነሥቶ በስሌት ይቀጥላል። መነሻው ቁጥር ያው ከሆነ ዕጣውም ያው ይሆናል ተብለን በክፍል ተምረናል። በተራ ቁጥር የተጻፈው የቀበሌው መዝገብ በደሌ በሚሠራው ጓደኛዬም እጅ ስለ ነበረ፣ ስክሪፕቱን ብቻ ላክሁለት። የወጡትን ቤቶች ዝርዝር ጨምሮ መላክ ትርፍ ነገር መስሎ ታየኝ።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ጓደኛዬ ያንኑ ስክሪፕት ከነመነሻ ቁጥሩ በደሌ ላይ አሠራው። 40 ቤት ወጣ። ስሕተት አለ የሚል አንድም መልእክት አልታየም። ጠያቂዎቹም ዝናብ እየመታቸውና ጭቃው ጫማቸውን እያስቀረ ሁለት ቀን ሙሉ ዞሩ። በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት «ልጆቼ፤ ያን ጊዜ የመጡት እኔን መቼ ጠየቁኝ? ጎረቤቴን ነው የጠየቁት» አሉ። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አድርገን ብናስተያይ በሁለቱም ላይ የሚገኙት 6 ቤቶች ብቻ ሆኑ። «ከአጎበሩ ሥር የሚተኙት ሰዎች ቀነሱ» ብለን ለመጻፍ ተዘጋጅተን የነበረው እንግዲህ ስለ ሌሎች ሰዎች ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጀብን። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 የወጣው አር 3.6.0 ዕጣ የሚያወጣበትን ስሌት ለውጧል። የቀድሞው ስሌት ዝርዝሩ በጣም ረዥም በሆነ ጊዜ ዕድሉን ለሁሉ ትክክል አድርጎ አያደላድልም ነበርና መለወጡ ደግ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንዱ መነሻ ቁጥር በአሮጌውና በአዲሱ አር ላይ ሁለት ልዩ ልዩ ዕጣ ይሰጣል። የእኔ ላፕቶፕ አዲሱ ነበረው፤ የጓደኛዬ ኮምፒዩተር አሮጌው። አዲሱ አር በአሮጌው ስሌት እንዲያወጣ የሚያዝ አንድ መስመር ትእዛዝ አለ፤ እኔ ግን መኖሩን አላውቅም ነበር።

«ጓደኛህ ለምን ፕሮግራሙን አላደሰም?» የሚል ይኖራል። ኮምፒዩተሩ 32 ቢት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ከ4.2 ጀምሮ አር ለ32 ቢት ዊንዶውስ መዘጋጀቱ ቀርቷል። እስከ 4.1 ድረስ ማደስ በእርግጥ ይቻል ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን ኮምፒዩተሩን ራሱን መለወጥ ይጠይቃል። እንግዲህ አሮጌ ፕሮግራም የያዘውን ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይገባም። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ያሉትን ኮምፒዩተሮች ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

ወላጆቻችን ቡና ሲሸጡ ስለ ፈረሱላ ይከራከሩ እንደ ነበር ከእናንተ ብዙዎቹ ሰምታችኋል። ዛሬ ለቡና 17 ኪሎ ነው ብለን እንናገራለን፤ በቀድሞ ዘመን ግን ፈረሱላ እንደ አገሩና እንደ ዕቃው ይለያይ ነበር። ነጋዴው በየገበያው ሲደርስ «በየትኛው ፈረሱላ?» ብሎ መጠየቁን አይረሳም። እኛ ግን ስክሪፕት ስንቀበል በየትኛው አር፣ በየትኛው ስታታ እንደ ተጻፈ አንጠይቅም።

ስለ ስታታ ካነሣሁ አይቀር፣ በዚህ ረገድ ስታታ ከአር ይሻላል። በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ የተጻፈበትን እትም ቁጥር ብታስቀምጡ፣ አዲሱ ስታታ ትእዛዞቹን በዚያው በድሮው አፈታት ይፈታቸዋል። የውሂብ ፋይሉ ነገር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ስታታ 14 ወደ ዩኒኮድ ስለ ተዛወረ በእርሱ የተቀመጠውን ፋይል ስታታ 13 አይከፍተውም፤ ላኪው በአሮጌው መልክ አድርጎ ማስቀመጥ አለበት። አማካሪው አንድ እትም፣ ተማሪው ሌላ እትም ይዘው አንድ ቀን ሙሉ በስልክ ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ቀን ጉዳይ ልምጣ፤ ይህኛው የእኛ የኢትዮጵያውያን ጣጣ ነውና ብዘገይበት ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከእናንተ መካከል የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ውሂብ የሚጠቀሙ አሉ፤ የ2000፣ የ2005፣ የ2011 ወይም የ2016 እ.ኤ.አ.ን ማለቴ ነው። በዚያ ውሂብ ቀን የሚጻፈው ከ1900 መጀመሪያ አንሥቶ በሚቆጠር የወር ቁጥር ነው። የእኛ አገር ውሂብ ግን የተቆጠረው በራሳችን ዘመን አቆጣጠር ነው። ጥር 2008 ዓ.ም.ን ብትወስዱ 108 ጊዜ 12፣ ሲደመር 5፣ 1301 ይሆናል። በፈረንጅ ወር ለማድረግ 92 ይደመርበታል፤ 1393፣ ማለት ጃንዋሪ 2016 ይሆናል። ለኬንያ ወይም ለኡጋንዳ የተጻፈ ስክሪፕት ተውሳችሁ እንዳለ ብታሠሩት ምንም አይናገርም፤ በጸጥታ ሠርቶ ይጨርሳል። የሕፃኑን ዕድሜ ለማውጣት የቃለ መጠይቁም የልደቱም ወር በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ልዩነቱ ይጣፋልና አይጎዳም። ዓመቱን ከሌላ አገር ጋራ ወይም ከዝናም መጠን መዝገብ ጋራ ስታገናኙ ግን ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ትወድቃላችሁ።

በገዛ እጃችን የምንሞላው ኤክሴል ደግሞ የባሰ ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ከልደት መዝገብ ላይ «30/2/2015» ብላችሁ ገለበጣችሁ እንበል። ጥቅምት 30 ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ያነባል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ስለዚህ ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ስክሪፕቱም ባዶ ነው ብሎ ይጥለዋል። ኅዳር 30 የተወለደው ሲቆጠር ጥቅምት 30 የተወለደው ልጅ ይቀራል። ጳጉሜን ከዚህም ያስቃል፦ «3/13/2015» ብላችሁ ስትጽፉ በእንግሊዝ አቀማመጥ የተዘጋጀው ኮምፒዩተር አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ በአሜሪካ አቀማመጥ የተዘጋጀው ግን ማርች 13 ነው ብሎ ደስ ብሎት ይቀበላል። እኔ አሁን ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በሦስት ልዩ ልዩ ዓምድ እጽፋለሁ። መልኩ አያምርም፤ ቢሆንም የትኛውም ኮምፒዩተር ሊተረጉምብኝ አይችልም።

ስለ ፊደልም ጥቂት ልጨምር። «ሥራ» በንጉሡ ሠና በእሳቱ ሰ ቢጻፍ ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ሁለት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍም መቱ አንዴ በአንድ ቲ፣ አንዴ በሁለት ቲ ይመጣል፤ የኢሉባቦርን አጻጻፍማ መቁጠር ትቻለሁ። ደግሞም በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በደሌ በኢሉባቦር ውስጥ ነው፤ ዛሬ ቡኖ በደሌ ራሱን የቻለ ዞን ነው። የዞኑን ስም ብቻ ይዞ የድሮውን ከአሁኑ የሚያወዳድር ስክሪፕት ኢሉባቦር ሕዝብ ጎደለበት ይላችኋል።

ከዚያ ክረምት ወዲህ እኔና ጓደኛዬ እንዲህ እናደርጋለን። ከስክሪፕቱ ጋራ ያልተነካውን የመጀመሪያውን ውሂብ እንልካለን፤ ዕጣ ከወጣም የወጣውን ዝርዝር ራሱን በፋይል እንልካለን። በመጀመሪያው መስመር ላይ የፕሮግራሙንና የተጨማሪ ጥቅሎቹን እትም እንጽፋለን። የፋይሉን አድራሻ በእኔ ስም ከተሰየመው ፎልደር አንጀምርም፤ ያ ፎልደር በደሌ የለምና። በመጨረሻም ሦስት ቁጥር እንጨምራለን፦ ስንት ረድፍ እንዳለ፣ ስንት ባዶ እንዳለ፣ አንድ አማካይ። ተቀባዩ እነዚህን ሦስቱን ካላገኘ ወደ ሥራው ሳይገባ ይደውላል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተደዋውለናል፤ በሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ወደ ቀበሌው ተመልሰን ሄደን ያመለጡንን 34 ቤቶች ጠየቅን። ወሩ አልፎ ስለ ነበር በጥናቱ ላይ ሦስት ወር ሳይሆን አራት ወር ብለን ለመጻፍ ተገደድን፤ ለምን እንደ ዘገየም ምክንያቱን ሳንደብቅ ጽፈናል። እኒያ እናት በሁለተኛው ዝርዝር እንጂ በመጀመሪያው ስላልነበሩ መልሳቸው ከጥናቱ ወጣ። ቡና አፍልተው የተቀበሉን ግን እርሳቸው ናቸው።

አሁን ማኅበሩ ቢፈቅድ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ሁሉ ስክሪፕቱን በፍላሽ ይዞ ይምጣና በራሱ ሳይሆን በሌላ ተማሪ ኮምፒዩተር ላይ ያሠራው። እምቢ ያለውን ስክሪፕት አብረን እናያለን። እምቢ ሳይል የተለየ ቁጥር የሰጠውን ደግሞ አስቀድመን እናያለን። መብራት ቢጠፋ በማግሥቱ እሑድ እንገናኛለን።